እስኪመሽ እንዳይነሳ

ብርሃኔ የሞተ ሞተር ሲያስነሳ እንጂ ሊነሳ ያለውን ሲያስቀር ታይቶ አያውቅም። ሠራተኛ ሰፈር ውስጥ ስሙ የሚነሳው በዚህ ነው። ሌላው መካኒክ "ይሄስ አበቃለት" ብሎ የገፋውን ጄኔሬተር፣ የውኃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር እሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያባብለዋል፤ ይሰድበዋል፣ ይለምነዋል፣ መጨረሻ ላይ ያስጮኸዋል። ዛሬ ግን ጠዋት ስልኩ ከጠራ ጀምሮ አንድ ልመና ብቻ ነበረው፤ የጋሽ አባይነህ ግቢ ውስጥ ያለው የሣር ማጨጃ እስኪመሽ ድረስ እንዳይነሳ።

የደወለችው ኤደን ነበረች፣ የጋሽ አባይነህ ሴት ልጅ። የምትኖረው ሐዋሳ ነው። ድምፅዋ እንደዚያ ተለውጦ ሰምቶት ስለማያውቅ መጀመሪያ ማን እንደሆነች አልለያትም።

"ብርሃኔ፣ ሚኪ የለም" አለችው።

ሚኪያስ ወንድሟ ነው። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሎጅ ሣር ሊያጭድ ከሄደ ወዲህ እሷ ቤት ነበር የሚያድረው። ጠዋት ወደ ሥራ ይዞት ሲሄድ የነበረው ፒካፕ ተገለበጠና እሱ እዚያው ቀረ።

"ሬሳውን ይዤው እመጣለሁ፤ ሌሊት እንደርሳለን። አባዬ እንዳይሰማ። በጊዮርጊስ ይዤሃለሁ ብርሃኔ፣ እኔ ሳልደርስ እንዳይሰማ።"

ብርሃኔ በቀጥታ የሮጠው ወደ እድሩ ሊቀመንበር፣ ወደ አቶ መድኃኔ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞት አይውልም። መርዶ ደግሞ ወግ አለው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው። ጋሽ አባይነህ በዚያ ላይ ደም ግፊት አለባቸው። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ አንድ አፉ አላርፍ ያለው ዘመድ በስልክ ነግሯቸው ቴዎድሮስ አደባባይ መሐል መንገድ ላይ ወድቀው ነበር፤ ሰው ጎትቶ ባያወጣቸው ሚኒባስ ይጨፈልቃቸው ነበር። ያን ዘመድ እግዜር ይይለት።

አቶ መድኃኔ አስበው ወሰኑ። ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ኤደን ባለችበት ይነገራል። እስከዚያው ግቢው ውስጥ ሰው እንዳይሰበሰብ፣ ፊቱን ያጠቆረ ሰው በር ላይ ዝር እንዳይል። ብርሃኔ እንደ ወትሮው ሄዶ ሥራውን ይሥራ፣ ሰውዬውንም አይለያቸው።

እንደ ወትሮው! ማለት ምን ያቅታል።

የብርሃኔ መከራ ማሽኑ ነበር። ማሽኑ የሚኪያስ ነው። ፒያሳ ሲፈርስ ከአንድ ሰፊ ግቢ ዕቃ ቤት የወጣ፣ ከኋላ ሆነው እየገፉ የሚያጭዱበት ትልቅ ማሽን። እንደ ዛሬዎቹ መጫወቻ የሚያካክሉ አይደለም፤ ሆዱ ሰፊ፣ ብረቱ ወፍራም፣ ለሜዳ የተሠራ። ዓመታት አፈርና ዝናብ ሲበላው ኖሯል። ልጁ በጋሪ ጭኖ ግቢ ያስገባው ዕለት ጋሽ አባይነህ በረንዳው ላይ ቆመው፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ "ይሄንንስ ቁራሌውም አይወስደው! አንተን ብሎ ነጋዴ!" አሉት። ሚኪያስ አንገቱን ደፍቶ ገባ። አዲሱ መንገድ ዳርና ዳር ሁሉ ሣር ሆኗል፣ ይህን ካስነሳሁ የራሴ ሥራ አለኝ ብሎ አስቦ ነበር። ከዚያ ክረምቱ መጣ፣ ማሽኑ ግድግዳ ሥር ቀረ፣ ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ በርበሬ ማስጫ አደረጉት። ልጁም የሰው ማሽን ሊገፋ ሐዋሳ ወረደ።

እሱ ከሄደ በኋላ ነው ጋሽ አባይነህን ሆዳቸውን ይበላቸው የጀመረው። አባት ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ሰፈር ታይቶም አይታወቅ። ብርሃኔን ጠሩና "እስቲ ና ይሄን ጉድ እየው" አሉት። ያ ይቅርታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ትርፍ ጊዜያቸውን ሁሉ እዚያ ግድግዳ ሥር ጨረሱት። የዛገውን በናፍጣ ዘፈዘፉ፣ በብረት ብሩሽ ፈገፈጉ። ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ የደረቀውን ፒስተን ዘይት አጠጥተው፣ እንጨት አስደግፈው፣ በመዶሻ ቀስ እያሉ አላቀቁት። ካርቡሬተሩ ውስጥ እንደ ሙጫ የረጋውን አሮጌ ቤንዚን በቀጭን ሽቦ ጎረጎሩት። የበሰበሰውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ብርሃኔ ከወፍጮ ቤት ባመጣው ተካው። ምላጩን ሲሞርድ ጣቱን ቆርጦት እትዬ ጥሩነሽ በነጭ ፋሻ ጠቀለሉለት። ጋሽ አባይነህ በከተማ አውቶብስ ሹፌርነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸውና ዝም ብለው አያዩም፤ "እኔ ጆሮዬ መካኒክ ነው" እያሉ ሥራው ሁሉ ውስጥ ገቡበት።

ትናንት ማሽኑ አለቀ። የቀረው ማስነሳት ብቻ ነበር። ብርሃኔ አፉን ሞልቶ "ነገ ካልተነሳ ስሜን ይቀይሩት" አላቸው። እሳቸውም ያሰቡትን ነገሩት፤ ማሽኑ እንደተነሳ ሚኪያስ ጋ ይደውሉና ምንም ሳይናገሩ ስልኩን ሞተሩ አጠገብ ያስጠጋሉ። "ይስማው። ሌላ ምን እለዋለሁ? ይገባዋል" አሉ፤ እንደ ልጅ ፈገግ እያሉ።

እንግዲህ ይኸው። ሞተሩ ከተነሳ ይደውላሉ። የሚኪያስ ስልክ ኤደን ቦርሳ ውስጥ ተዘግቷል። እሱ አልመልስ ሲል ኤደን ጋ ይደውላሉ፤ ያቺ ልጅ ደግሞ የወንድሟን ሬሳ አጠገቧ አስቀምጣ "ደህና ነን አባዬ" ማለት ከየት ታመጣለች?

ብርሃኔ ግቢ ሲገባ ጋሽ አባይነህ ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ጠበቁት። ማሽኑን ራሳቸው አረንጓዴ ቀለም ቀብተውታል፤ ጫማቸውም አብሮ ተቀብቷል።

"የት ጠፋህ አንተ? ሙሽራው እኮ ለብሶ ቁጭ ብሏል!"

"ሥራ... ሥራ ይዞኝ ነው ጋሼ።"

"ፊትህ ምን ሆኗል? አመመህ እንዴ?"

"ጉንፋን ነው።"

ወዲያው ጎንበስ አለ። ዓይናቸውን ማየት አልቻለም። እጁ ግን ሥራውን ያውቃልና ያንኑ ሥራ ገልብጦ ሠራው። ካንዴላዋን ፈታ፣ ጀርባውን ሰጣቸው፣ ጫፏን በፒንሳ ጫን አድርጎ አጣበቃት። እሳቷ የምትዘልበት ክፍተት ሲዘጋ ሞተር አይነሳም። መልሶ አሰራትና ገመዱን ሳበ። ምንም የለም። ደገመ። ምንም። ሌላ ቀን ቢሆን በእፍረት መሬት ይገባ ነበር፤ ዛሬ በሆዱ ተመስገን አለ። ተመስገን ባለበት አፉም ዘገነነው።

"ካንዴላዋ ደክማለች ጋሼ። ነገ ሌላ ፈልጌ አመጣለሁ።"

"ነገ ምን ያደርግልኛል!" አሉና ከሸሚዛቸው ኪስ አዲስ ካንዴላ መዘዙ። "ጠዋት ደጎል አደባባይ ወርጄ ገዛሁ። ምናልባት ብዬ። አየህ? አንተ ብቻ ነህ እንዴ መካኒክ?"

ራሳቸው አሰሯት። ብርሃኔ ቆሞ አየ እንጂ እጁን እንኳ ማስገባት አልቻለም።

እንዲህ በሆነ ሰዓት ላይ እትዬ ጥሩነሽ ምሳ ይዘው ከቤታቸው ወጡ። በውኃ ቧንቧው ምክንያት ከጋሽ አባይነህ ጋር በየሳምንቱ የሚናጩ ሴት ናቸው። ዛሬ ግን ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው "ይብሉ እንጂ፣ ባዶ ሆድዎን አይዋሉ" አሉና ቃሉ ሳያልቅ ፊታቸውን አዙረው ተመለሱ።

"ይቺ ሴት ምን ነካት?" አሉ ጋሽ አባይነህ እየሳቁ። "ቧንቧውን ልትወርሰኝ ነው መሰለኝ።"

ብርሃኔም ሳቀ። ሳቁ ከየት እንደመጣለት እግዜር ይወቅ። ጉርሻ ሲያጎርሱት ዋጠው።

ሰው ምስጢር መያዝ አይችልም፤ አልፈጠረበትም። ወሬው ከእድሩ ሾልኮ እትዬ ጥሩነሽ ጋ ደርሷል። ምሳው ሳይነሳ አቶ መድኃኔ፣ ሰው ዝር እንዳይል ብለው ያዘዙት አቶ መድኃኔ ራሳቸው፣ "እንዲያው ሳልፍ ነው" ብለው በር ከፍተው ገቡ። የጋሽ አባይነህን እጅ ጨበጡና አልለቅ አሉ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ዝናብ የሌለበት ወር ነው። ስለ ማሽኑ ቀለም አወሩ። ሲወጡ ብርሃኔን በዓይናቸው "አደራ" አሉት፤ ብርሃኔ በመፍቻው ቢላቸው ደስ ባለው።

ጋሽ አባይነህ አቶ መድኃኔ የወጡበትን በር ትንሽ ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞሩ።

"በል ሳብ።"

አሁን የሚቀረው ቤንዚኑ ነበር። ብርሃኔ "ቱቦዋን ላጽዳ" ብሎ ካርቡሬተሩ ጋ የምትገባዋን ቀጭን የጎማ ቱቦ ነቀለ። የሚወትፍበት ነገር በዓይኑ ፈለገ። ናፍጣ የጠጣው ጨርቅ ሁሉ ጋሽ አባይነህ እግር ሥር ነው። ጣቱ ላይ ያለውን ፋሻ በጥርሱ ቆርጦ አድቦልቡሎ ወደ ውስጥ ገፋው። ቱቦዋን መልሶ አስገባ። ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ትናንት ለመነሳት የተዘጋጀ ሞተር ነውና አንዴ ሳል ሳል አለ። ከዚያ ጸጥ አለ።

"ሰማህ? ሳለ! ሳለ እኮ! ወዲያ በል፣ እኔ ልሳበው።"

"ጋሼ ይተዉት፣ ግፊትዎ..."

"ግፊቴን ለግፊቴ ተወው!"

ሳቡ። ደግመው ሳቡ። ነጩ ሸሚዝ ጀርባቸው ላይ ተጣበቀ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ብርሃኔ አጠገባቸው ቆሞ የሠራውን አየ። በመርዶ እንዳይወድቁ ብሎ የደበቃቸውን ሰው እሱ ራሱ በገመድ ሊገድላቸው ነው። ያስነሳው እንደሆነ ይደውላሉ፤ ባያስነሳው ይህ ልፋት ይደፋቸዋል። እጅ እግሩ ተሳሰረ። ማርያምን ጠራ፣ ጊዮርጊስን ጠራ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ጠራ።

ጋሽ አባይነህ ገመዱን ለቀው፣ እያለከለኩ ግድግዳውን ተደገፉ። ስልካቸውን አወጡ።

"በቃ ሳይነሳም ልደውልለት። ናፈቀኝ።"

"አይሆንም!" ብርሃኔ ጮኸ። ጩኸቱ ራሱንም አስደነገጠው። "ማለቴ... ሳይነሳ ቢደውሉ ምን ያሰሙታል? ይስቅብናል እኮ ጋሼ። ትንሽ ይታገሱ፣ ይነሳል።"

ጋሽ አባይነህ አዩት። ብዙ አዩት። ስልኩን ቀስ ብለው ኪሳቸው መለሱ።

በዚህ ጊዜ የብርሃኔ ስልክ ጮኸ። ኤደን ናት። እየሮጠ ወደ ውጭ ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋ።

"ሻሸመኔን አሁን ነው ያለፍነው። ወረቀት ወረቀት እያሉ እስካሁን ይዘውን ነበር" አለችው። "አባዬስ?"

"ደህና ናቸው።"

"ምን እየሠራ ነው?"

ብርሃኔ ሊዋሽ አሰበ። የቀኑን ውሸት ሁሉ ጨርሶ ነበር። "ማሽኑን። ለሚኪ" አላት።

ከወዲያ በኩል የመኪናው ጎማ ተሰማ። በኋላ "አባዬ ሲሰማ እኔ ነኝ የምይዘው። ሌላ ሰው እንዳይዘው። እኔ ልያዘው" አለችና ስልኩ ተዘጋ። ብርሃኔ የግንቡን ድንጋይ ይዞ እስኪረጋጋ ቆመ፤ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ገባ።

ጋሽ አባይነህ ባዶ ጀሪካን ገልብጠው ተቀምጠዋል። ካንዴላዋን ፈትተዋት ጉልበታቸው ላይ አለች። የጎማ ቱቦዋ በአንድ እጃቸው ነው። በሌላው መዳፋቸው ላይ ቤንዚን የጠጣች፣ ድብልብል ያለች ትንሽ ነጭ ነገር አለች።

"ካንዴላዋ ደረቅ ናት" አሉ ቀስ ብለው። "ቤንዚን አልደረሳትም። ቱቦዋን ነቀልኳት።" ፋሻዋን በጣታቸው ዘረጉ። "ዝገት ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን ይገባኝ ነበር። ይሄ ንጹሕ ነው። ዛሬ የገባ ነው።"

ብርሃኔ ቁስሉ የታየበትን ጣቱን ኪሱ ከተተ። ዘገየ።

"ማሽን እንዳይነሳ የምታደርግ ሰው አይደለህም። ማንም ቢለኝ አላምንም" አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ለብርሃኔ በቀለለው። "ጥሩነሽ ምሳ አመጣችልኝ። መድኃኔ ሳልጠራው መጥቶ እጄን ያዘኝ። አንተ ስልክ አትደውል ብለህ ጮህክብኝ።"

"ጋሼ..."

"የትኛው ነው?"

ብርሃኔ መፍቻውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

"ሁለት ልጆች ናቸው ያሉኝ ብርሃኔ። የትኛው ነው?"

ሊናገር አፉን ከፈተ። ቃል የሰጠው ለአንዷ፣ የሚጠይቁት እኚህ። ጋሽ አባይነህ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙት።

"ተው። አትንገረኝ። ሌላ ልጠይቅህ። ኤደን ዛሬ ትመጣለች?"

"ትመጣለች ጋሼ" አለ ብርሃኔ። "ሌሊት ትደርሳለች።"

ጋሽ አባይነህ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነቀነቁ፣ ነቀነቁ፣ ማቆሙ ጠፋባቸው።

"ይዛው ነው የምትመጣው?"

ብርሃኔ መሬት ላይ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ያዘ። ከዚህ በላይ አልጠየቁትም። ሊወድቁ ነው ብሎ ክንዱን አዘጋጀ። አልወደቁም። ደረታቸው እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤ ከንፈራቸውን ነክሰውት ደም አወጣ። ከወዲያኛው ጓዳ የእትዬ ጥሩነሽ ድስት ይሰማል። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ እዚህ ሰው ቢያስነጥስ እዚያ ይማርህ ይላሉ።

"እንዴት ነው ያሰባችሁት?" አሉ በሹክሹክታ።

"ጎህ ሲቀድ። እሷ ባለችበት። እሷ ናት የምይዝዎት ያለችው።"

"እንግዲያው አልሰማሁም" አሉ። "ገባህ? እስክትመጣ አልሰማሁም። አሁን ብጮህ ጥሩነሽ ትሰማለች፣ ጥሩነሽ ከሰማች ሰፈሩ ይሰማል፣ አንዱ ይደውልላታል። መንገድ ላይ ናት፣ ከእሱ ጋር ብቻዋን ናት። አባትሽ ሰምቶ ብቻውን ወደቀ ይሏታል። አይሆንም። ስትመጣ ቆሜ ነው የማገኛት። ትያዘኝ። የምትይዘው ነገር ይኑራት።"

"እሺ ጋሼ።"

"ግን አልችልም" አሉ ወዲያው። ፊታቸው ተፈረካከሰ። አፋቸውን በሁለት እጃቸው አፈኑት፣ ከጣቶቻቸው መሐል የሕፃን የሚመስል ድምፅ አመለጠ። "ብርሃኔ አልችልም። አልችልም ልጄ። አስነሳው።"

መጀመሪያ አልገባውም።

"አስነሳው! በሞትኩት አስነሳው!"

ገባው። ቱቦዋን ከእጃቸው ወሰደ፣ ነፋባት፣ ሰካት። ካንዴላዋን አሰረ። በሕይወቱ ሞተር እንዲነሳ እንደዚያ ለምኖ አያውቅም። የጠዋቱን ልመና ሁሉ መለስኩት፣ ተነስልኝ አለ። ገመዱን ሳበ። ሳለ። ሳበ። ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ያዘ። ያ ዓመታት የተጣለ ብረት ግቢውን በአንድ ጊዜ ሞላው፤ ቆርቆሮው ተንቀጫቀጨ፣ ርግቦች ከጣሪያው ላይ በረሩ።

ጋሽ አባይነህ ከጀሪካኑ ላይ ተነሱ። የማሽኑን እጀታ በሁለት እጃቸው ያዙ፣ በላዩ ላይ ተደፉ፣ ጮኹ። "ልጄን! ሚኪዬን! ወይኔ ልጄን!" አፋቸው ሲከፈት ለብርሃኔ ይታየዋል፤ ድምፃቸው ግን ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። "ቁራሌም አይወስደው አልኩህ! አባትህ ይደፋ፣ አይወስደው አልኩህ!" ግንባራቸውን እጀታው ላይ ይመታሉ። ብርሃኔ በአንድ እጁ ግንባራቸውን ከብረቱ ከለከለ፣ በሌላው የነዳጁን መስጫ እስከ መጨረሻው ገፋው። ሞተሩ ባሰበት። እሱም ጮኸ፤ ምን ብሎ እንደጮኸ አያውቀውም።

እትዬ ጥሩነሽ ጭልፋ እንደያዙ በራቸው ላይ ብቅ አሉ። ያዩት ማሽን ላይ የተደፋ የሰው ጀርባ ነው። ለልጁ ማሽን ተነሳለት ብሎ በደስታ የሚንቀጠቀጥ አባት መሰላቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ተመልሰው ገቡና በሩን ዘጉ።

ፀሐይዋ ወደ ግድግዳው ወርዳ ነበር። ሞተሩ በድንገት ተንገዳገደ፣ ድምፁ ቀጠነ፤ ቤንዚኑ ማለቁ ነው። ጋሽ አባይነህ ቀና አሉ። ፊታቸው በእንባና በአረንጓዴ ቀለም ተለቅልቋል። ገና አልጨረሱም፤ ገና መጀመራቸው ነበር። ብርሃኔን አዩት፣ አፋቸውን በእጃቸው ለመያዝ እየተዘጋጁ።

በሚሠራ፣ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን አይቀዳም፤ እሳት ያስነሳል። ይህን ብርሃኔ ለሰፈሩ ሁሉ ሲናገር ኖሯል። የቤንዚኑን ጀሪካን ከግድግዳው ሥር አነሳ፣ ክዳኑን ከፈተና ሞተሩ ሳይቆም ቀዳ።